ለአየር መንገዶቹ የሰጠሁት ማርክ

ወረቀቱ አሁንም አለ። ከተማሪ ደብተር መሃል የተገነጠለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ በቀይ እስክሪብቶ ማርክ የተሞላ ወረቀት። ሦስት አየር መንገዶችን ከመቶ አርሜ፣ ደረጃ አውጥቼ፣ ከታች ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬን ባየሁ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። ማንም ፈርም አላለኝም እኮ! የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ነው።

ሶዶ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። አትላንቲክ ውቅያኖስን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እስለው ነበር። አፍሪካ በዚህ፣ አሜሪካ በዚያ፣ መሃሉ ሰማያዊ ጠመኔ። ሰማያዊው ሲያልቅብኝ መሃሉን ባዶ እተወዋለሁ፤ ተማሪዎቼም ውኃ ነው ብለው ይቀበሉኛል። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ዓመት ድረስ አውሮፕላን በቅርብ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም በቤተሰባችንም ሆነ በሰፈራችን የውጭ አገር ነገር ከተነሳ "እሱን ጠይቁት" የሚባለው እኔን ነበር። እኔም ብሆን "አላውቅም" የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም።

የጠየቁኝ ነገር ይሄ ነበር፦ ታላቅ እህቴ አሜሪካ ታማ ተኝታለች፤ እናታችን በሕይወት እንድትደርስባት በየትኛው አየር መንገድ ትሂድ?

እህቴ ዲቪ ደርሷት ከሄደች ስምንት ዓመት አልፏት ነበር። እዚያው አገባች፤ ልጅ አልወለዱም። ባሏ የጎንደር ሰው ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ወላይትኛ ግን አንድ ቃል አያውቅም። አንድ ቀን ስልክ ደወለልኝ። "ሐኪሞቹ የሳምንታት ጉዳይ ነው ብለውኛል" አለኝ። ካንሰሩ ወደ ጉበቷ ገብቷል። "እናቴን አምጡልኝ ነው የምትለው። ሕመሙ ሲብስባት በቋንቋችሁ ነው የምታወራው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምን እንደምትል አላውቅም። እባክህ፣ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች።" ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደወል ተደውሎ ነበር፤ ክፍል አልገባሁም።

ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ተላከልን። ከቀበሌ የቤተሰብ ማስረጃ አወጣን። እናቴን አዲስ አበባ ወስጄ ኤምባሲ አቀረብኳት። ይከለክሏታል ብዬ ነበር። ጠያቂዋ በመስኮቱ ውስጥ ሆና ለምን እንደምትሄድ በአስተርጓሚ ጠየቀቻት። እናቴ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ "ልጄ ታሟል" አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ቪዛው ተፈቀደ። እናቴን ወደ ሶዶ መለስኳትና በሳምንቱ ፓስፖርቷን ለመውሰድና ትኬቱን ለመቁረጥ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልናገር፤ ካለዚያ የኔ ጥፋት አይገባም። እህቴ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እኔ ገና ሳልወለድ፣ ቤታችን ተበላ በምትባል የገጠር ከተማ ነበር። ልጅቷን ትኩሳት ያዛትና ዓይኗ ተገለበጠ። ዱቦ ላይ የሚሲዮን ሐኪም ቤት አለ ይባላል፤ ዱቦ ግን ሶዶን አልፎ ማዶ ነው። ከተበላ መኪና የሚወጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው፣ ለገበያው ደግሞ ሁለት ቀን ይቀረዋል። አባቴ ከቤት አልነበረም። ጎረቤቱ በሙሉ "ጠብቂ፤ የገበያው ሰው ሲወጣ አብረሽ ትወጪያለሽ፤ እንዴት ሴት ልጅ ብቻዋን በዚህ ሁሉ መንገድ!" አላት። እናቴ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። ዱቦ የደረሰችው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ "አንድ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ አናተርፋትም ነበር" እንዳላት፣ ይህን ታሪክ በተናገረች ቁጥር ሳትጨምር ሳትቀንስ ትደግመዋለች። እኛ ልጆቿም በቃላችን ስለያዝነው መስማት ትተን ነበር።

ወደ ትኬቱ ልመለስ። አዲስ አበባ ያገኘሁት የትኬት ቢሮ አንድ ክፍል ነው፤ አንዲት ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ከኮምፒውተር ኋላ ተቀምጣለች። ጥያቄዬን በትልቅ ድምፅ አቀረብኩ። አትላንቲክን ስለ መሻገር ጭምር ትንሽ ማብራሪያ ሰጠኋት መሰለኝ። ልጅቷ ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገችና ሦስት አማራጭ ነገረችኝ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ ይነሳል። መንገድ ላይ ነዳጅ ሊሞላ ያርፋል እንጂ መንገደኛው ከወንበሩ አይነሳም፤ ረቡዕ ይደርሳል። ሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ይነሳል፤ አውሮፓ ላይ ሰባት ሰዓት ተጠብቆ አውሮፕላን ይቀየራል፤ እሑድ ይደርሳል። ሦስተኛው በዐረብ አገር በኩል ሁለት ጊዜ እየተቀየረ የሚሄድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ኤርፖርት ወንበር ላይ ያድራል። ሁሉም ኢኮኖሚ ነው፤ ጉልበት ከፊት ካለው ወንበር ጋር የሚሳሳምበት።

"ለበሽተኛ ከሆነ የሚሄዱት በማክሰኞው ይሂዱ፣ ጋሼ" አለችኝ። "ብቻቸውን ናቸው?"

"አዎ።"

"እንግሊዝኛ ይችላሉ?"

"አማርኛዋም እንደ ነገሩ ነው።"

"ችግር የለውም" አለች ማስቲካዋን እያኘከች። "ዊልቸር አዝዝላቸዋለሁ። እዚህ ከበሩ ተቀብሎ እዚያ በር ድረስ የሚያደርሳቸው ሰው ይኖራል። ፎርማቸውንም ይሞሉላቸዋል። እናቶች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሄዱት።"

አቤት ያኔ የተቆጣሁት ቁጣ! ደሜ እንዴት እንደፈላ! በኛ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ያበቃለት ሰው ነው። እናቴን በዚያ ላይ አስቤ ማየት አልቻልኩም። "አንቺ ልጅ፣ እናቴን ሽባ አደረግሻት?" አልኳት። "እናቴ ከተበላ ዱቦ ልጅ አዝላ በእግሯ የሄደች ሴት ናት! ማንም በጋሪ አይገፋትም!" ልጅቷ ተበላም ዱቦም የት እንደሆኑ አታውቅም። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ "እንደፈለጉ፣ ጋሼ" አለች። በማክሰኞውና በቅዳሜው ቦታ ያዘችልኝና እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ ደውዬ የመረጥኩትን እንዳሳውቃት ነገረችኝ። የዱቦውን ታሪክ አንስቼ የፎከርኩበት ቀን ያ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ወደ ሶዶ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ። ያኔ ሁሉ ነገር የሚገመገምበት ዘመን ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ እኛ አስተማሪዎችም በየጊዜው ተሰብስበን እንገማገማለን፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ በመጨረሻ ነጥብ። ሰዉ ሁሉ ያማርራል፣ እኔ ግን ሳልወደው አልቀረሁም፤ ነገር በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ልቤ ይረጋል። ስለዚህ አየር መንገዶቹን ገመገምኳቸው። ዋጋ ከአሥራ አምስት። ሻንጣ ከአሥራ አምስት። ምግብ ከአሥር። ሳይቀይሩ መሄድ ከአሥራ አምስት። ቶሎ መድረስ ከአሥር። የመጨረሻው መደብ "ሰው" ይላል፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ማለት ነው፤ ከሠላሳ አምስት።

ቶሎ መድረስ ከአሥር! ልክ እንደ ምግቡ! እህቴ በሞት አፋፍ ላይ ሆና እየጠበቀች፣ እኔ ቶሎ መድረስን ከዶሮና ከሩዝ ጋር እኩል አስቀመጥኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም። በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው።

በሰው መደብ ሁሉም ዜሮ ስለነበራቸው ሶዶ ስደርስ የማክሰኞው በሃምሳ አራት እየመራ ነበር። ሁለተኛው አርባ ሦስት፣ ያ በዐረብ አገር በኩል የሚሄደው ወድቋል። ወረቀቱ እንደዚያው ቢቀር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ቅዳሜ ጠዋት ዘመድና የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች እቤት ተሰበሰቡ። ተጸለየ። ወረቀቴን ዘርግቼ አስረዳሁ፤ ሁሉም በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጥሩ ሠርተሃል። ግን ለማን አደራ ብለህ ነው የምትሰዳት?"

በኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ዝም ተብሎ አይላክም። አረካ ድረስ ሚኒባስ እንኳን ሲሳፈር አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ ያም ካልተገኘ ለረዳቱ፣ "አደራህን፣ እናቴን" ይባላል። ያ ሰው "እሺ" ካለ በቃ፣ ልጅ ሆነ ማለት ነው። ሽማግሌው የጠየቁት ይህንን ነው። አውሮፕላን አደራ አይባልም። የትኬት ቢሮዋ ልጅ ከበር እስከ በር የሚቀበል ሰው አለ ብላኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ግን ያንን ወንበር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንሳት አሳፈረኝ። ዋጥኩት።

ያኔ አንዷ የቤተ ክርስቲያን እህት "የአረካዋ ወይዘሮ በሚመጣው ቅዳሜ ይሄዱ የለ!" አለች። አረካ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ልትወልድ ስለደረሰች አራስ ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ልጃቸው ያለችው እህቴ ባለችበት ከተማ ነው፤ ያኔ እንደ ሄደች ተቀብላ ያስጠጋቻት እህቴ ናት። ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ደርሰው መጥተዋል። ትኬታቸውም በሁለተኛው፣ በቅዳሜው ነው። ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ "ይኸው! እግዚአብሔር አዘጋጀ!" አለ። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና በሰው መደብ ሠላሳ አምስት ከሠላሳ አምስት ሞላሁ። ሰባ ስምንት ከመቶ። አንደኛ።

እናቴ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም አልጠየቃትም።

"በማክሰኞው ልሂድ" አለች።

"ብቻሽን?" አሏት በአንድነት።

"ዱቦ ስሄድ ከማን ጋር ነበርኩ?"

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ! ተማሪ የማይሆን ጥያቄ ሲጠይቅ የምስቀውን የአስተማሪ ሳቅ። "እማ፣ ይሄ እኮ ዱቦ አይደለም። ይሄ አትላንቲክ ነው" አልኳት፣ እጄን በአየር ላይ ዘርግቼ ስፋቱን እያሳየሁ። ሰዎቹም ፈገግ አሉ። እናቴ እጄን አየችና "እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ" አለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ስልክ ወዳለበት ሄጄ ከስድስት ሰዓት በፊት ለቢሮዋ ልጅ ደወልኩ። "የቅዳሜውን" አልኳት። "እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ። "ምን ነካሽ፣ ሰው አግኝተንላት!" ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ እህቴን በስልክ አገኘኋት። ድምፅዋ ቀጥኖ ቀጥኖ ክር አክሏል።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ቅዳሜ ትነሳለች። አብሯት የሚሄድ ሰው አግኝተናል።"

"ማክሰኞ አለ አላልክም ነበር?"

"ብቻዋን እንዴት ትችላለች?"

"እኔ ስመጣ ከማን ጋር መጣሁ?" አለች። ቁርጥ የእናቷ ልጅ! ከዚያ ትንፋሽ ሰበሰበችና "እሺ፣ ምንም አይደል። እጠብቃለሁ" አለችኝ። ስትለኝ እንደማባበል አድርጋ ነው። ትንሽ ሆኜ ከገበያ የሚመጣልኝን ሸንኮራ ስጠብቅና ሳለቅስ የምታባብለኝ በዚያው ድምፅ ነበር።

እናቴ በዚያ ሳምንት ቅቤ ነው ያሰባሰበችው። ለመስቀል ከሴቶቹ ጋር በእቁብ የምታጠራቅመው ቅቤ ነበራት፤ ሴቶቹን ለምና ድርሻዋን አስቀድማ ወሰደች። "ፀጉሯን እቀባታለሁ። እዚያ ማን ቀብቷት ያውቃል?" ትላለች። በሕክምናው ምክንያት የእህቴ ፀጉር ሙሉ በሙሉ እንደረገፈ ባሏ ነግሮኝ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። ቅቤውን በቆርቆሮ ስትጠቀጥቅ፣ በላዩ ዳጣ፣ ያንን የኛን የበርበሬ ድልህ፣ በላስቲክ ስትቋጥር ቁጭ ብዬ አየኋት፤ ክዳኑንም ያጠበቅሁላት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ሲመሽ ደጅ ወጥታ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመናው ሲወርድ ታያለች። "ሄደ?" አለችኝ።

"ማን?"

"የማክሰኞው።"

ሰዓቴን አየሁ። "ገና ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል" አልኳት። እሷም እስኪጨልም እዚያው ቆመች።

ቅዳሜ አዲስ አበባ ኤርፖርት ደጃፍ ላይ የአረካዋን ወይዘሮ ሁለት እጃቸውን ይዤ "አደራዎን" አልኳቸው። "የኔም እናት ናቸው፣ አትስጋ" አሉኝ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ዞራ አላየችኝም። የመሄድ ጥድፊያ ነበረባት። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ዘመድ ቤት ሄጄ እንቅልፌን ተኛሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ የእህቴ ባል ደወለ። "ዐረፈች" አለኝ። አንድ ቃል ብቻ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሰዓት ቆጠርኩ። እናቴ አውሮፓ ላይ ናት፤ ከሰባቱ ሰዓት ገና አራቱን ጠብቃለች። ልጄ ትጠብቀኛለች ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። "እንዳትነግሯት" አልኩት። እሱም "እንዴት በመንገድ ላይ!" አለ። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ እጅ ባለበት ነው የሚነገር። በዚህ ተስማማን።

ግን የአረካዋ ወይዘሮ የስልክ ካርድ ገዝተው ከዚያው ከአውሮፓ ለልጃቸው ደወሉ፣ ደህና ነኝ ለማለት። ልጃቸው እህቴ ቤት ነበረች፣ ለቅሶ ላይ። የእጅ ስልኳን አንስታ መደበቅ አልቻለችም። የሆነውን የነገሩኝ በኋላ፣ ተመልሰው ሲመጡ፣ እቤቴ ድረስ መጥተው ነው። ነገሩኝ ከምል አለቀሱብኝ ብል ይሻላል።

"ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ" አሉኝ። "'ልጅሽን አገኘሻት ወይ?' አሉኝ። 'አገኘኋት' አልኳቸው። ከዚያ ያንን ሁሉ ባሕር በወላይትኛ ሲያጫውቱኝ ሄዱ። እህትህ ትንሽ ሆና የሠራችውን ሁሉ። ዱቦ እንዴት እንዳደረሷት። እኔ ፊቴን ወዴት እንደማዞረው ጠፋኝ። ወንበሩ ጠባብ፣ ክንዳችን የተነካካ፤ ዘወር የምልበት ቦታ የለም። ምግብ መጣ። ዳቦውን፣ ጣት የምታህለውን ቅቤ፣ ያቺን ጣፋጭ ነገር አልነካም አሉ፤ በናፕኪን ጠቀለሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። 'ለእሷ ነው' አሉኝ። የኔንም ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ? የኔንም ለእሷ ብለው ከተቱት።"

ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ የነገሩኝ ይህን ነው። እናቴ ዝምታቸውን አይታ የልጃቸው ምጥ አሳስቧቸው መሰላት። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ "አይዞሽ፣ አትፍሪ። ልጅሽ በሰላም ትገላገላለች። ደርሰሽ ትስሚያታለሽ" አለቻቸው። ከዚያም ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፤ አትላንቲክ ላይ፣ ለእሳቸው ልጅ። በዚያ ሁሉ መንገድ እናቴ ናት እሳቸውን ስታጽናና የደረሰችው። እናቴ ወሬ የምታወራት ሰው ትኑራት ብዬ ከሠላሳ አምስት ሠላሳ አምስት የሰጠኋቸው ሴት፣ አፋቸውን ዘግተው ያን ሸክም ተሸክመው ደረሱ። እኔ ነኝ የጫንኩባቸው።

የደረሱ ዕለት እናቴን "ሆስፒታሉ አሁን ሰው አያስገባም" ብለው ሰው ቤት አሳደሯት። ሰኞ ማለዳ ነገሯት። ናፕኪኑን ከቦርሳዋ ማውጣት የቻለ ሰው እንዳልነበረ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። የእህቴ ባል ግን ከቀብሩ በኋላ ደውሎ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳያስተውል፣ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ "እስከ ዓርብ ድረስ እኮ ታወራ ነበር" አለኝ። "ረቡዕማ ብታያት! ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ሻሽ እሰሩልኝ አለች፤ እናቴ ስትመጣ ራሴን እንዳታይ ብላ። ቀን ተምታቶባት ነው መሰለኝ፣ ዛሬ የምትመጣ መስሏት በሩን በሩን ስታይ ዋለች።"

ቀን አልተምታታባትም። ረቡዕ የማክሰኞው አውሮፕላን የሚደርስበት ቀን ነው። ይህን አልነገርኩትም።

እናቴ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። ትኬቱን የቆረጠላት የእህቴ ባል ነው፤ እኔን ማንም አላማከረኝም፣ ይመስገን። ከሶዶ ዘመድ ሚኒባስ ሞልቶ ሊያለቅስና ሊቀበላት መጣ። ጠዋት ነበር። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሰው በጋሪ ሻንጣ እየገፋ ይወጣል። ከዚያ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ዊልቸር እየገፋ ወጣ። በወንበሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ትንሽ ሴት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ያንን የቅቤ ቆርቆሮ ይዛለች።

ሐዘኑ አሽመድምዷታል ብዬ ሰዉን ጥሼ ሮጥኩ። "እማ! እግርሽን ምን ሆንሽ?"

"እግሬ ደህና ነው" አለችና ከወንበሩ ብድግ ብላ ቆመች። ዞር ብላ የልጁን እጅ ሳመች፣ በወላይትኛ መረቀችው፤ እሱም ምንም ሳይገባው አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሜን አለ። ከዚያ ሰዎቻችን ደረሱ፣ ለቅሶው ተነሳ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ጮኼ አለቀስኩ።

ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰዉ ደክሞት አንቀላፍቷል። ቆርቆሮውን ከጭኗ ልቀበላት ብል አልሰጥህም አለችኝ። ብዙ መንገድ ሄድን። ይቅርታ ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ሆሳዕናን ስናልፍ እሷ ቀደመችኝ።

"የመጣሁበት የማክሰኞው ነው አይደል? ያ የመጀመሪያው?"

"እሱ ነው፣ እማ።"

"ከማንም ጋር አልመጣሁም" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዘችኝ።

"ቀላል ነው፣ ልጄ። ዱቦ ይከብድ ነበር።"